እጅ ያላጠፋው ጥፋት

ቀስቷ አልታዘዝ ካለችው ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ቀስት ስል በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ወዲያ ወዲህ የምትለዋን ጠቋሚ ማለቴ ነው። ሰውየው ካርታ ነዳፊ ነው። መሬት ለኪዎች ከመስክ ይዘውት የመጡት ንድፍ ስክሪኑ ላይ ይዘረጋለታል፣ እሱ ደግሞ ጣቱን ታችፓዱ ላይ እየጎተተ የእያንዳንዱን ቦታ ወሰን ከጥግ እስከ ጥግ ያሰምራል። ሌሎቹ በማውዝ ነው የሚሠሩት። የእሱ ኮምፒውተር ግን ሲቃጠል ከቁም ሳጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አውጥተው ሰጡት፤ የማውዝ መሰኪያው የተሰበረ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው በዕቃ አያማርርም ብሎ ተቀበለ።

እንግዲህ መስመሩን ሲጀምር ቀስቷ ደህና ትሄዳለች። ጥግ ላይ ላቁማት ሲል ግን ዘልላ የጎረቤት ግቢ ትገባለች። ይመልሳታል፣ በወዲያኛው በኩል ታልፋለች። አራሚዋ ሥራውን አትማ በቀይ ክብ ሞልታ ትመልስለታለች፤ በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ክብ፣ በሦስተኛው አሥራ ሰባት። ክፉ ቃል አልወጣትም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጣ ትሄዳለች፣ እሱን የጎዳውም ይኸው ቀስታዋ ነው።

ታዲያ ለምን አልተናገረም ትሉ ይሆናል። በዚያ ክፍል አንድ ደንብ አለ፤ የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። መስመር ከተንጋደደ ጥፋቱ የእጅ ነው፤ በመሣሪያ የሚያሳብብ ከወንበሩ ይነሣ። ደንቡን ያወጡት ሥራውን ያስተማሩት ጋሼ ናቸው። በብዕር ዘመን ቀለም ያንጠባጠበ ሁሉ ብዕሩን ሲራገም ሰለቻቸውና ነው ያወጡት። መስመር በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሰመረው ይሉ ነበር፦ ትንፋሽህን ያዝ፣ ከጥግ ተነሥ፣ ሳታመነታ ሳብ፣ ስትደርስ ተንፍስ። የሚያመነታ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ይህን ልማድ ሳያስበው ወደ ታችፓዱም አመጣው። ትንፋሹን ይይዛል፣ ጣቱን ሽው ያደርጋል፣ ከዚያ ጎረቤት ግቢ።

ጋሼ ጡረታቸው ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው ሥራውን የተዉት። ከብዕር ወደ ኮምፒውተር ከተሻገሩ በኋላ መስመራቸው ይዘላል ተባለ። እሳቸውም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ብዕሮቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለእሱ ሰጡና ወጡ። ሁለት ዓመት አለፈው። ያኔ ኃላፊዋ ስለ ጋሼ ምን ታስባለህ ብላ ስትጠይቀው፣ እጃቸው ደክሟል ብሎ መልሶላት ነበር። ሊዋሽ ብሎ አይደለም፣ ያየውን ነው የተናገረው። አሁን ተራው የራሱ ሆነ።

ቤት ውስጥ ቀኝ እጁን ብብቱ ሥር መሸጎጥ ጀመረ። ባለቤቱ ውኃ በግራው ሲጠጣ አየችው፣ ምን ሆንክ ብትለው ምንም አለ። ሚስት መቼም ምንም ሲሏት ምንም ብላ አትተውም። ጠጋ ብላ እጁን ያዘችው፣ ገልብጣ አየችው፣ ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልታ አስጨበጠችው። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ይኸው ደህና ነህ አለችው። እሱ ግን ማን ያውቃል፣ ነገ ይፈስ ይሆናል ብሎ አሰበ። ሰው ራሱን አንዴ ከጠረጠረ ምስክር አይበቃውም። በማግስቱ ወደ መዝገብ ቤት እንዲዛወር ማመልከቻ ጻፈ። መዝገብ ቤት ማለት ምድር ቤት ውስጥ ፋይል ማቀበል ነው፤ መስመር የለበትም።

ኃላፊዋ ማመልከቻውን ተቀብላ አርብ እፈርምበታለሁ፣ እስከዚያ የጀመሩትን ይጨርሱ አለችው። ይህ ረቡዕ ነው። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ቀረ። ደክሞታል፤ እንቅልፍ የማያጠፋው ዓይነት ድካም ነው። አገጩን በግራ እጁ ደግፎ፣ ትንፋሽ መያዙንም ትቶ፣ ጣቱን እንደ ነገሩ ጎተት ጎተት አደረገ። ቀስቷ ወሰኑን ይዛ ሄደች። ጥጉ ጋ አልዘለለችም፤ እንዲያውም ሳትደርስ ቆመች።

ቀና አለ። ነዳፊ የሚያምነው የለካውን ብቻ ነው። የብረት ማስመሪያውን ታችፓዱ ዳር አስቀመጠና ጣቱን አራት ሴንቲ ሜትር በቀስታ ጎተተ። ቀስቷ የስክሪኑ ግማሽ ላይ ቀረች። ከዚያው ቦታ ጀምሮ ያንኑ አራት ሴንቲ ሜትር ሽው አደረገው። ቀስቷ ዳር ድረስ ሄዳ ተላተመች። አሥር ጊዜ ደገመው፣ አሥሩንም ጊዜ ያው ነው። ጣቱ የሄደው እኩል ነው፤ ሲፈጥን ማሽኗ ከራሷ ትጨምርለታለች፣ ሲዘገይ ትቀንስበታለች። የደከመ እጅ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ይስታል እንጂ አሥር ጊዜ በአንድ ልክ አይስትም።

ወደ ማስተካከያው ገባ። መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀነሰው፣ ባሰበት፤ በቀስታ ሲሄድ ትንፏቀቃለች፣ ሲፈጥን ያው ትዘላለች። ሲበረብር ሲበረብር አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎ አገኘ። አጠገቧ የጠቋሚውን ትክክለኛነት ጨምር ይላል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ! በዚህ ስም ማን ይጠረጥራታል? ምልክቱን አጠፋና ሞከረ፣ ተስተካከለ። ላፕቶፑን አጥፍቶ ሲያበራው ግን ተመልሶ ያው ሆነ። ሊተወው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ኋላ ታችፓዱ ለብቻው ሌላ ማስተካከያ እንዳለው፣ እዚያም ያቺው ምልክት እንዳለች አየ። እሷንም አጠፋ። አጥፍቶ አበራ፤ አሁን እንደ ተስተካከለ ቀረ። ትንፋሹን ያዘ፣ ከጥግ ተነሣ፣ ሳያመነታ ሳበ፣ ጥጉ ላይ ቆመ። ተነፈሰ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ተቀምጦ አለቀሰ።

አርብ ጠዋት ያለቀውን ሥራ ይዞ ማመልከቻውን ሊወስድ ገባ። ኃላፊዋ ቀይ ክብ የሌለበትን ወረቀት አገላብጣ ምን ተገኘ አለችው። ጥፋቱ የማሽኗ ነበር አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጋሼ የሰሙት ይመስል ደነገጠ። እሷ ማመልከቻውን እየመለሰችለት፣

«ይቺ ላፕቶፕ የጋሼ አልነበረችም እንዴ?» አለች።

ማመልከቻውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሁለት ወር ሙሉ ላፕቶፗ ከፊቱ ተቀምጣ ነበር፣ አንድም ቀን አላሰበውም።

ከሥራ ሲወጣ ላፕቶፑን አስፈቅዶ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄደ። በር የከፈቱለት ራሳቸው ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ብዙ አላወራም። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ምልክቷን መልሶ አደረገና መስመር ይሳቡ አላቸው። እምቢ አሉ። ለመናቸው። እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ትንፋሻቸውን ይዘው ሳቡ፣ ዘለለች። አየህ ብለው ሊነሡ ሲሉ ይቆዩ አላቸውና ምልክቷን አጥፍቶ አንዴ ይድገሙት አለ። ሳቡ። መስመሩ ከጥግ እስከ ጥግ ሄዶ ቆመ።

ጋሼ ሌላ ሳቡ፣ ሌላም። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣

«ያኔ ሲጠይቁህ ምን ብለህ ነበር?» አሉት።

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም።

«እጃቸው ደክሟል ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም ያልኩት ያንኑ ነው» አሉ። «አንድ ሰው ብቻ፣ አይ እስቲ ዕቃውን እንየው ቢለኝ ኖሮ። ግን ደንቡ የራሴ ነው፤ ማን ይበለኝ?»

ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት በግራ እጃቸው ዝም በል አሉት። ቀኙ ገና ታችፓዱ ላይ ነበር። ብዕሮቹ አሁንም እሱ ጋ እንዳሉ ጠየቁት፤ አሉ ሲላቸው ነገ ይዘህልኝ ና አሉት።