ብል አይደለም

መስከረም ሲጠባ የጎረቤላ ጉም ከቆላው ከአሊዩ አምባ በኩል ሽቅብ ይወጣና በር ከተከፈተለት ቤት ውስጥ ይገባል። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት፣ አክስቴ የበግ ጸጉር ካጨቀችባቸው ሁለት ማዳበሪያዎች በላይ፣ ግድግዳው ላይ አንድ የእሳት እራት ተለጥፎ አየሁ። አውራ ጣቴን ያህላል። ጸጉራም ነው፣ የተቆላ ገብስ ቀለም አለው፣ ክንፎቹን እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ግራና ቀኝ አጥፏል። በሁለቱም ክንፎች ላይ አንዳንድ ነጭ ነጥብ አለ፤ የግራው ከቀኙ በጥቂቱ ዝቅ ያለ መሰለኝ። እውነት ዝቅ ብሎ ይሁን ዓይኔ አታልሎኝ እስካሁን አላውቅም።

«ብል ነው» አለች አክስቴ ከኋላዬ። «ጸጉሬ ላይ ቆሞ ምን ትመለከቺዋለሽ? ፍሊቱን አምጪው።»

«እትዬ፣ ብል እንዲህ አይተልቅም።»

«በልቶ በልቶ ነዋ የተለቀው።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ጸጉሩን ሁለት ዓመት ሙሉ ከራሷ በጎች ሸልታ ነው ያጠራቀመችው። ከመስቀል በኋላ ፈትላ ባና ልታሠራበት፣ ባናውንም ደብረ ብርሃን ላለችው ልጇ ልትልክ ነው። ልጇ ኅዳር ላይ ትወልዳለች። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ደግሞ ፋብሪካ የሠራው ብርድ ልብስ አይመልሰውም።

ቢሆንም አንድ ቀን ስጪኝ አልኳት። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሁን የምሠራው በትምህርት ቤት ላይብረሪ ነው። ስሙን የማላውቀው ነገር ፊቴ ላይ ሲቀመጥ እረፍት አጣለሁ። ነፍሳትን ከፎቶ የሚለይ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ ነበርና፣ ማስመሪያ ከጎኑ ይዤ፣ የበሩ ብርሃን ከጎን እንዲመታው አድርጌ ማንሳት ጀመርኩ።

«ጉርድ ፎቶ ልታነሺለት ነው?» አለች አክስቴ። «መታወቂያ ሊያወጣ ነው በይኛ። ጆሮው እንዲታይ አድርጊ፣ አለዚያ ቀበሌ ይመልሰዋል።»

መተግበሪያው ለመጀመሪያው ፎቶ አንድ ስም ሰጠኝ፣ ለሁለተኛው ሌላ። ሦስተኛውን ስልክለት «የእሳት እራት» ብቻ አለኝ። ይህንንማ አክስቴም ትነግረኝ ነበር። መተግበሪያው ላይ ፎቶ እያዩ የሚረዱ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ በአገራችሁ የሌለ ነው አለ፣ ሌላዋ የኋላ ክንፉን ካላየሁ አልፈርድም ብላ ጻፈች። የኋላ ክንፉ ደግሞ ከፊተኛው ስር ተደብቋል። በእጄ ልገልጠው አልደፈርኩም፤ የክንፉ ዱቄት ከጣት ጋር ይቀራል፣ ምልክቱ አብሮ ይጠፋል።

በየዓመቱ መስከረም ላይ አክስቴ ጸጉሩን አውጥታ ሦስት ቀን ፀሐይ ታስመታዋለች፣ ታራግፈዋለች፣ ቤቱን በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ዘንድሮም ወይራውን አዘጋጅታ በየጠዋቱ ትጠይቀኝ ነበር።

«ልጠን ወይስ አልጠን?»

«ነገ» እላለሁ። ጭስ ከሸተተው ይሄድብኛል።

በሦስተኛው ጠዋት ወደ በሩ መቃን ተዛውሮ አገኘሁት። ሉክ ወረቀት በቀስታ ከስሩ ሳስገባ ደነገጠና ክንፎቹን ዘረጋ። የኋላ ክንፉ ቀላ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ ነው። አሥራ አንድ ፎቶ አነሳሁ፤ አንዱ ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነፍሳትን የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ መምህር አገኘሁ። ወጣት ናቸው። ፎቶውን አተለቁት፣ አጠበቡት፣ እንደገና አተለቁት።

«ወገኑን ልነግርዎት እችላለሁ» አሉኝ። «ስሙን ግን ከፎቶ አይጠይቁኝ። የእነዚህ ልዩነት ሆዳቸው ውስጥ ነው። ሞቶ ይምጣልኝና በአጉሊ መነጽር ከፍቼ አየዋለሁ።»

«ሞቶ?»

«ሌላ መንገድ የለውም።»

ያንን እንደማላደርገው ወዲያው አወቅሁት። «እሺ፣ የበግ ጸጉር ይበላል?» አልኳቸው።

«ይሄ?» ሳቁ። «አፉ እኮ አይሠራም። ክንፍ ካወጣ ወዲህ ምንም አይቀምስም። እንቁላሉን ጥሎ በሳምንት ውስጥ ይሞታል።»

ቁልቁለቱን ስወርድ ይህችን አንዲት እርግጠኛ ነገር ይዤ ነበር። ቤት እንደገባሁ ነጠላዬን ሳላወልቅ ነገርኳት።

«ብል አይደለም፣ እትዬ። ጭራሽ አፍም የለው።»

«አፍ ከሌለውማ ይቀመጥ። ከጎረቤቶቼ ሁሉ ይሻላል።» ጉልበቷን እያሸች ማዳበሪያዎቹን አየቻቸው። «እንዲህ ከሆነ ማውጣቱም ማጠኑም ይቅር ይሆን? ጉልበቴም ዘንድሮ እሺ አላለኝም።»

እኔ የክንፉን ምልክት ወደ ደብተሬ እየገለበጥኩ ነበር። ቀና ሳልል «ይቅር» አልኳት።

በማግስቱ የእሳት እራቱ አልነበረም። ስሙ ግን አለቀቀኝም። ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ ስመድብ፣ ሲመለስ ስመዘግብ፣ ወገኑን ይዞ ስሙን ማጣት ሽንብራ ጥርስ መሃል እንደ ገባ ያህል ይቆረቁረኝ ነበር። ከመስቀል ወዲያ ባለው ሳምንት አንድ ያረጀ የባዮሎጂ መጽሐፍ አውርጄ ስለ ነፍሳት የሚለውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ማንበብ ያዝኩ። የእኔን አላገኘሁበትም። ስለ ብል ግን አንድ አንቀጽ ነበረው። ክንፍ ያወጣው ብል ምንም አይበላም ይላል። ልብስና ጸጉር የሚበላው ገና እጭ ሳለ ነው፤ ጨለማና ማንም የማይነካካው ቦታ ይወዳል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አፍ የለውም» ብዬ ያመጣሁት ማስረጃ ለብልም ይሠራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጥያቄዋ ነው። አክስቴ ማወቅ የፈለገችው ቤቷ ብል ገብቶ እንደሆነ ነበር፤ እኔ የመለስኩላት ግድግዳው ላይ ስላለው ነው። «ብል አይደለም» ስላት «ብል የለም» ብላ ሰማችኝ፤ ላርማት እየቻልኩ «ይቅር» አልኳት።

ላይብረሪውን ቆልፌ በእኩለ ቀን ቤት ገባሁ። አክስቴ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ከላይ በኩል እየቀነሰች መፍተል ጀምራለች። የሁለተኛውን አፍ ፈታሁት። ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ፣ የገለባ ቀለም ያላት ክንፋም ነገር ወጥታ እየሮጠች ጸጉሩ ውስጥ ተመልሳ ገባች።

አክስቴ እንዝርቷን አስቀምጣ መጣችና እጇን እስከ ክንዷ ከተተችው። ይዛ የወጣችው ጸጉር ድር ያደራበት፣ አሸዋ የመሰለ ነገር የሚረግፍበት ነበር። በጣቶቿ ስትስበው ያለ ድምፅ ተበጣጠሰ።

«ብል የሚባለው ይኼ ነው» አለች።

አንሶላ አንጥፈን ሁለቱንም ማዳበሪያ ግቢው ላይ ዘረገፍናቸው። የመጀመሪያውም ከታች ተነክቷል። አክስቴ ዳር ላይ ተቀምጣ ልጇ ጋ ደወለች፤ ስልኩ የሚጮኽ ስለሆነ ሁለቱንም እሰማለሁ።

«ዘንድሮ ፀሐይ ሳላስመታው ቀረሁ» አለቻት። «ጉልበቴን አመመኝና ሰነፍኩ። ብል ገባበት።»

እጄን ዘረጋሁላት፤ ስልኩን ሰጠችኝ።

«እኔ ነኝ ይቅር ያልኳት» አልኩ። «ልታወጣውም ልታጥነውም ነበር።»

«አንቺ? አንቺ እኮ መጽሐፍ ሳታዪ አፍሽን አትከፍቺም።»

«አይቼ ነበር። ሌላውን ነው ያየሁት።»

ከበስተጀርባዋ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። «ምን ያህል ይወጣዋል ታዲያ?»

«ለሕፃኑ የሚሆን። ላንቺ የሚደርስ አይመስለኝም።»

«ውርጩ እኮ ሁለታችንንም ነው የሚመታን» አለች። ቁጣ የለበትም፤ ማስታወስ ብቻ ነበር።

አክስቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ «በይ ቻው፣ ገና ይታያል» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ነይ ተቀመጪ። የተበላውን ካልተበላው ለዪ። መለየት አይደል የምትወጂው?»

ከፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጉሙ እንደገና ከቆላ መውጣት ጀምሯል። የመጀመሪያውን ጭብጥ አንስቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት፤ የተበላውም ያልተበላውም አንድ ቀለም ነው። በጣቴ እየሳብኩ፣ የተበጠሰውን በግራዬ፣ የያዘውን በቀኜ ማስቀመጥ ጀመርኩ።