ለማልቀስ የወጣንበት ተራራ

በደርግ ጊዜ ጎባ ሳስተምር አከራዬ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘምቷል።

አንድ ቀን በክራንች የሚሄድ ወጣት ከዲንሾ መጥቶ ጓሮ ውስጥ አነጋገራቸው። ልጃቸው አጠገቡ ተመትቶ መውደቁን፣ እሱና ጓደኞቹም እንደቀበሩት ነገራቸው። ከዚያ እግራቸው ላይ ወድቆ፣ “ከእኔ መስማትዎን እንዳይናገሩ፤ ወሬ አሰራጨህ ብለው ይገድሉኛል” ሲል ለመናቸው።

ለቅሶ ቢቀመጡ ቀበሌው ማን እንዳረዳቸው መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ በማግስቱ ሱቃቸውን ከፈቱ። “ልጅዎ ደህና ነው?” ለሚላቸው ሁሉ ጨርቁን እየለኩ “አልሃምዱሊላህ” ይሉ ነበር።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ አንድ ማታ ክፍሌ ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ነው።

“ኢንተላ ኮ፣” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “ደረቴ ሊፈነዳ ነው። ሰው የማይሰማበት ቦታ ውሰጂኝ።”

እሑድ ጠዋት ወደ ዶሎ መና በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፍረን ሳነቴ ሜዳ ላይ ወረድን። ለሾፌሩ የመድኃኒት ቅጠል ልንለቅም ነው አልነው። ከፊታችን ድንጋዩ የተቆለለ ጫፍ ነበር። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መሃል ስንደርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ።

“እዚህም ማንም የለም፣ እማማ።”

“መኪና መንገዱ እየታየኝ አላለቅስም” ብለው አለፉኝ።

ከዚያ በላይ አፈር የለም። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቋጥኙን በእጃቸው እየቧጠጡ ወጡ። አንዱ ድንጋይ ከድቷቸው ሲወድቁ ጉልበታቸው ተላጠ። ደሙን ሳይ ፈራሁ።

“በቃ እንመለስ፣ በፈጠረዎት!”

“ልጄን የቀበሩት ዳገት ላይ ነው አሉ። እኔን ዳገት ቢደክመኝ ምን ይላል?”

ጫፉ ላይ ነፋሱ ያንገዳግዳል። ቀና ብለው ቆሙና ልጃቸውን በስሙ ጠሩት። ደግመው ጠሩት። ከዚያ ያ ስንት ጊዜ ታፍኖ የኖረ ልቅሶ ወጣ። በኦሮምኛ እያወረዱ ስለሚያለቅሱ ሁሉንም አልሰማሁም፤ ሕፃን ሳለ እንዴት ይጠባ እንደነበር ሲናገሩ ግን ገባኝ። ልይዛቸው ፈልጌ እጄን ሰበሰብኩ። ፊቴን አዙሬ እኔም አለቀስኩ።

ሲወጣላቸው በፕላስቲክ ጠርሙሳችን ባለው ውኃ ውዱእ አድርገው ለሰላት ቆሙ። ሲሰገድ የሚዞሩበት አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ ከባሌ ወደ ሰሜን ነው። ልጃቸው የቀረውም በዚያው በኩል ነበር።

ወደ ጎባ ስንመለስ ኬላው ላይ አንድ ሚሊሻ መኪናውን አስቆመና ትክ ብሎ አያቸው።

“ምነው ዓይንዎ አበጠ?”

“የሳነቴ ብርድ ነው” አሉት። ሂዱ አለን።

መንግሥት ሲወድቅ እኔ ሮቤ ተዛውሬ ነበር። ለልጃቸው ተዕዚያ፣ ለቅሶ ማለት ነው፣ በግልጽ መቀመጣቸውን ሰምቼ ሄድኩ። ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። ሴቶቹ እየጮኹ ያለቅሳሉ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ሲያዩኝ አጠገባቸው የነበረችውን ሴት ጠጋ በይ አሏት፤ እጄን ይዘው አስቀመጡኝና ሰው እስኪበተን አልለቀቁኝም።