አልፈርምም ያለችው ቀማሽ

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ቀማሿ ናት። ታናናሾቿ «እትዬ ቀማሿ» ይሏታል፣ እኩዮቿ «እትዬ»ዋን ይተዉታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት እሷም ረስታዋለች። ያወጣላት ሰው ግን አልዋሸም፤ ሥራዋ ደረቅ የውሻ ምግብ መቅመስ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር ምርት አንድ እፍኝ ይመጣላታል። መጀመሪያ ነጭ ሳህን ላይ በትና ቀለሙን ታያለች። ቀጥላ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቶቿ ሰብራ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። በመጨረሻ ሌላዋን በጥርሷ ቆርጠም አድርጋ፣ በምላሷ ጫፍ አጣጥማ፣ ባልዲው ውስጥ እንትፍ ትላለች። በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ አንዳንዴም አርባ። እንዲህ እያለች በሥራው ላይ ሃያ አንድ ዓመት ሞላት።

ቤት ውስጥ ሥራዋ የቀልድ ምንጭ ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ብዙም አይነሳም፤ አፉ ግን አልደከመም።

«ዛሬስ ምን በላሽ?» ይላታል ገና በሩን ስትከፍት።

«በግ በሩዝ።»

«እና ለእኛ ሳትቋጥሪልን መጣሽ?»

ልጃቸው ግን አትስቅም። ልጅቷ ባንክ ነው የምትሠራው። የእጮኛዋ ወላጆች ስለ እናቷ ሥራ ሲጠይቋት «የምግብ ጥራት ባለሙያ ናት» ብላ፣ «የውሻ» የምትለዋን ቃል ዋጥ አድርጋ አለፈች። ቀማሿ ይህን ስትሰማ አልተቀየመችም። መቀየምም ጉልበት ይፈልጋል። በሁለት አውቶቡስ ሄዳ በሁለት አውቶቡስ የምትመለስ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆማ የምትውል ሴት የቅያሜ ጉልበት ከየት ታምጣ?

ሥራውን ያስተማሯት አንድ አዛውንት ባለሙያ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያኔ እሷ ከረጢት ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን እየሰፋች «ይሄኛው ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሸተው?» ስትል ሰሟትና ከማሽኑ አስነስተው ወደ ክፍላቸው ወሰዷት።

«ስሚ ልጄ» አሏት። «ከረጢቱ ላይ ያለው ሥዕል ለገዢው ነው። ውሻው ሥዕል አያይ፣ ጽሑፍ አያነብ። ሰው ምግቡ ካልጣመው ሌላ ቤት ገብቶ ይበላል፤ እሱ ግን ያቀረቡለትን ነው የሚበላው። መራጩ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ቀስ በቀስ ሁሉንም አሳዩዋት። ጥሩ ፍሬ ሲሰበር ቀጭ ይላል እንጂ አይፈረፈርም። ከከረጢቱ ሥር ዱቄት ከበዛ ወይ ማድረቂያው ወይ ማጓጓዣው ላይ ጥፋት አለ። ከረጢቱ ላይ ባለው የይዘት ዝርዝር መጀመሪያ የተጻፈው ነገር ብዙውን ነው የሚይዘው፤ ሥጋ ከበቆሎ በኋላ ከተጻፈ ሥዕሉ ላይ ያለው በሬ ለጌጥ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ስለ ሞራ ነገሯት። ፍሬው ከማድረቂያ ሲወጣ የቀለጠ ሞራ ይረጭበታል፤ ጣዕሙም ጤናውም እሱ ነው። «ሞራ ካረጀ ይከረፋል። የፈለግሽውን ማጣፈጫ ብትነሰንሺበት ይደበቅልሽ ይሆናል፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ካስቀመጥሽው ግን ሚስጥሩን ያወጣል» አሏት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የበሩ ጥበቃ ስልክ ደወለላት። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶታል።

«እትዬ፣ አንድ አባት መጥተዋል። ውሻዬ ቅሬታ አላት ነው የሚሉት።»

«ውሻዋስ መጥታለች?»

«መጥታለች፤ ግን ምንም አልተናገረችም።»

የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወረደች። በሩ ጋ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የቆለፉ ጡረተኛ መምህር ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ግማሽ የሆነ ከረጢት አቅፈዋል፣ በሌላው አፏ አካባቢ የሸበተች አሮጊት ውሻ ይዘዋል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁሽ» አሉ። «ይህች ውሻ አሥራ አንድ ዓመት የእናንተን ምግብ ነው የበላችው። ምግብ አትመርጥም፤ ጫማዬንም በልታለች። አሁን ግን አራት ቀኗ ነው። ታሸተዋለች፣ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ትሄዳለች። እንዳታለልኳት አድርጋ ነው የምታየኝ።»

«ሐኪም አይቷታል?»

«አይቷታል። ጥርሷም ሆዷም ደህና ነው አለ። ሩዝ ቀቅዬ ስሰጣት ሳህኑን ጭምር ትልሳለች።»

ከረጢቱን ከፍታ አሸተተች። የማጣፈጫው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። አንድ ፍሬ ሰብራ ቀመሰች። ከጉሮሮዋ ጀርባ የሆነ ነገር ነካ አደረጋትና ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ደህና ነው» ብላ ታልፈው ነበር፤ እግሯ ያማታል፣ ጠረጴዛዋ ላይ ዘጠኝ ናሙና ይጠብቃታል። ግን የውሻዋን ዓይን አየችና መምህሩን ወንበር ላይ አስቀምጣ እፍኝ ያህሉን ለብ ባለ ውኃ ነከረችው።

ሩብ ሰዓት ሲሞላ ክዳኑን አነሳች። ተከፍቶ የተረሳ የቀለም ቆርቆሮ ሽታ ወጣ። ሳህኑን ወደ ውሻዋ ስታስጠጋው ውሻዋ ወደ ኋላ ሸሸችና ከመምህሩ እግር ሥር ገባች።

«ይህን ከእንግዲህ እንዳይሰጧት» አለች ቀማሿ። «ልክ ናት።»

መምህሩን ከሸኘች በኋላ የከረጢቱን ቁጥር ይዛ ወደ ናሙና መደርደሪያው ሄደች። ያ ከረጢት ከተመረተበት ወር ወዲህ ከተቀመጡት ስድስት ጠርሙሶች ነከረች። አምስቱ ከረፉ። አምስቱም ላይ የእሷ ፊርማ ነበረ።

ወንበሯን ስባ ቁጭ አለች። የውኃው ሙከራ ከቀረ ዓመት አልፎታል። «ጊዜ ይበላል» ብለው ከሙከራ ዝርዝሩ ሲሰርዙት አንድ ቀን ተከራከረች፣ በሁለተኛው ቀን ደከማት፣ በሦስተኛው ቀን ተወችው። እውነቱን ለመናገር፣ በልቧ እፎይ ብላም ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሲቀነስ እግሯም አብሮ ያርፋል።

ወደ ሞራው ታንክ ስትሄድ ታንኩን የሚጠብቀው ባልደረባዋ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አገኘችው። አብረው ነው የተቀጠሩት።

«ወንድሜ፣ ይሄ ታንክ የታጠበው መቼ ነው?»

ግራ ቀኙን አየ። «የማጠቢያው ቧንቧ ከተደፈነ ሦስት ወሩ ነው። ጠግኑልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ 'አሁን ማሽን አይቆምም' አሉኝ። አሮጌው ከሥሩ ሳይወጣ አዲሱን እንደርብበታለን።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ትቀምሺው የለ?» አላት፣ ሊወቅሳት ሳይሆን እንደው ገርሞት። «አንቺ ካለፍሽው ደህና ነው ብዬ ነዋ።»

ይህች ቃል ከሁሉ በላይ ወጋቻት።

የምርት ኃላፊው ቢሮ ስትገባ በመስኮቱ በኩል ጭነት መኪናው ሲጫን ይታያል። ኃላፊው ከዓመታት በፊት ሥራ ሲጀምር ጋዋን እንዴት እንደሚታሠር ያሳየችው እሷ ናት። ሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፣ ብቻቸውን ሲሆኑ «አንተ»።

«የሚጫነውን አስቁም» አለችው። «ሞራው ከርፏል። የዛሬውን አልፈርምም፣ የወጣውም ይመለስ።»

አንድ ወረቀት አነሳ። «የላብራቶሪው ውጤት ይኸው። ፕሮቲኑ ልክ፣ እርጥበቱ ልክ።»

«ላብራቶሪው ሞራ አይለካም። ና ልንከርልህና ራስህ አሽትተው።»

«እትዬ፣» አለ ዓይኑን እያሸ፤ እሱም ደክሞታል፣ ያስታውቃል፣ «ታንኩን ለማጠብ ማሽኑ ስድስት ቀን መቆም አለበት። ስድስት ቀን! የፋብሪካው ባለቤት ምን ይሉኛል? አንዲት ያረጀች ውሻ ምግብ ስላልጣማት? እስካሁን የሞተ ውሻ አለ?»

«ቢኖርስ ማን ይነግረናል? ውሻ አቤት አይል።»

ፊቱ ተለወጠ። «ውሻም እኮ በበላበት ነው የሚጮኸው፣ እትዬ። እርስዎ ከሃያ ዓመት በላይ የበሉት እዚህ ነው።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ፈረመ፣ መኪናው ሄደ፣ እሷም በማግሥቱ ወደ ደንበኞች ስልክ ክፍል ተዛወረች። በደብዳቤው ላይ «ለእረፍት ያህል» ይላል።

«ቢያንስ ቁጭ ትያለሽ» አላት ባሏ በዚያ ምሽት። ቀልዱ አልሳካ ሲለው እግሯን ጉልበቱ ላይ አንስቶ ያሸው ጀመር። «ተይው አሁን። ነገሩ የውሻ ደም ሆኖ መቅረቱ አይቀርም።»

«እኔ እኮ ነኝ የፈረምኩት» አለችው። «አምስቱንም።»

ስልክ ክፍሉ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው። ደዋይ ሲደውል የሚነበብለት ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ምርታችን በከፍተኛ ጥራት ቁጥጥር ያለፈ ነው።» የመጀመሪያዋ ደዋይ ውሻዋ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ያደረባት ሴት ናት። ቀማሿ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረች፤ «በከፍተኛ ጥራት» ላይ ስትደርስ ምላሷ ተያዘ።

«የኔ እመቤት፣ ከከረጢቱ ሥር ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ እስቲ» አለች። ሴትየዋ አነበበችላት። «በይ አትስጪው። ወደ ገዛሽበት መልሺው። እንዴት እንደሚታወቅ ልንገርሽ፤ ለብ ያለ ውኃ አለሽ?»

ከዚያ ወዲያ ለደወለ ሁሉ ያንኑ ነገረች። አንዳንዱ ሰደባት፣ አንዳንዱ መረቃት። አንዱ ቡችላው እንደሞተበት ነግሯት እህህ ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ቡችላው በምን እንደሞተ እሱም አላወቀ፣ እሷም አላወቀች። ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። በቀን ሃያ ሰው፣ ሠላሳ ሰው፤ እያንዳንዱን ከሀ እስከ ፐ ማስረዳት። ድምፅዋ ሻከረ። መቆም እንደሚያደክም ታውቅ ነበር፤ ቁጭ ብሎ እውነት መናገርም ይህን ያህል እንደሚያደክም ግን አታውቅም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ኃላፊው በሩን በርግዶ ገባ።

«በፋብሪካው ስልክ የፋብሪካውን ምርት አትግዙ ይባላል?»

«አትግዙ አላልኩም። እየነከራችሁ አሽቱ ነው ያልኩት።»

«በራሳችን ስልክ!»

«ታዲያ የኔ ስልክ ሒሳብ የለውም» አለችው።

ሊያባርራት ደብዳቤ አስጻፈ። ደብዳቤው ማህተም እየጠበቀ ሳለ ግን አንድ የጥበቃ ውሾች ማሠልጠኛ ሙሉ መኪና ምግብ መለሰ። የማሠልጠኛው ሰዎች ስልክ አልደወሉም፣ እሷንም አልሰሙም፤ ስልሳ ውሻ በአንድ ጠዋት ከሳህኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ አልበላም ሲላቸው ነው የመለሱት። የፋብሪካው ባለቤት ራሳቸው መጡ። ታንኩ ተከፈተ። ከሥሩ የወጣውን ነገር ያዩ ሠራተኞች አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ።

ባለቤቱ በጠሩት ስብሰባ ላይ ኃላፊው ተነስቶ «ችግሩን ቀደም ብለን ለይተነው ነበር» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ቀማሿን አየ። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ልትነሳ አሰበች፤ ጉልበቷ አሰበና ተወው። የተነሳው ታንክ ጠባቂው ነበር።

«ለይተን የሚለው ማንን ጨምሮ ነው?» አለ ጨርቁን በእጁ እንደጨበጠ። «እኔ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። እሷ አልፈርምም ብላለች። ከዚህ ውጭ የለየ ሰው አላየሁም።»

ባለቤቱ ወደ ኋላ ወንበር አዩ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ካለፉት ምርቶች አምስቱ ላይ የኔ ፊርማ አለ» አለች። «እሱም ይጻፍ። የውኃው ሙከራ ይመለስ። ሲከርፍ ማሽኑን የማስቆም ሥልጣን ለቀማሹ ይሰጥ። እኔ ብሆንም ሌላ ሰው ቢሆንም።»

ይቅርታ የጠየቃት የለም፣ ያመሰገናትም የለም። የመባረሪያው ደብዳቤ ጠፋ፣ እሷም ወደ ቅምሻ ክፍሏ ተመለሰች፣ የሙከራው ዝርዝር ግን ታርሞ ግድግዳዋ ላይ ተለጠፈ። የጠየቀችው ሥልጣን ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንዲት መስመር ተጽፎ መጣላት። መምህሩ ጋ ደውላ ጠየቀች፤ ውሻዋ በሩዝ ወፍራለች። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ ሁለቱ አውቶቡስ፣ ሲሚንቶው፣ ባልዲው። ኃላፊውም በቦታው አለ፤ እሷን ሲያገኝ «እትዬ» ይላል፣ ዓይኗን ግን አያይም።

ታንኩ ታጥቦ የወጣው የመጀመሪያ ዙር ጠረጴዛዋ ላይ ሲቀርብ በትና አየችው፣ ሰበረች፣ ቀመሰች፣ ነከረች። ኃላፊው የሚፈረመውን ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ከውጭ የጭነት መኪናው ሞተር ይሰማል።

«ደህና አይደል?» አለ ሰዓቱን እያየ። «ሽታውም ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ይመስላል» አለች። «ገና አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ወንበሩን ሳብና ተቀመጥ።»

ጥቂት አመነታ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ቀማሿ በጠረጴዛው ሥር ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቀዝቃዛው ወለል ላይ ዘረጋች።