ልዑሉን ይዤ ሽምግልና

ፀጉሬ ሳይሸብት ሽማግሌ ሆኜ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ታደሰ ለትዳር ጥያቄ ከላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ የታክሲ ሺፍት ስለገጠማቸው፣ በእሳቸው ቦታ እኔ ተተካሁ። ከሥራ እንደወጣሁ ነበር፤ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የልጅቷ አባት ጋሽ መኮንን ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል፣ ስደተኛ የሚበዛበት የፎቅ ሰፈር ነው የሚኖሩት። አገር ቤት የባላባት ልጅ ነበሩ፤ እዚህ ሰው አገር የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ።

«ዘሩ ከማን ነው? ልጄን ለማላውቀው ቤት አልሰጥም» አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። እኔ ግን ሳላስበው ዝግጁ ነበርኩ፤ ስለ አንድ የስዊድን ልዑል መጽሔት ላይ ሁለቴ አንብቤ ነበር።

«ጋሼ፣ የንጉሥ ልጅ እንኳ ከተራ ቤተሰብ የተወለደች ሴት ወዶ አግብቷል» አልኩ።

ጋሽ መኮንን ቀና አሉ። «ቤተሰቡ ፈቀዱለት?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ነገር አጉድዬ መናገር አይሆንልኝም።

«ቶሎ አልፈቀዱለትም። እስኪፈቅዱለት ታግሶ ጠበቀ።»

«እስከ መቼ?»

«ፀጉሩ እስኪሸብት።»

ብድግ ብለው እጄን ጨበጡኝ። «ይሄ ነው ጨዋ! የእናንተም ልጅ እንዲህ ከጠበቀ፣ ሰጥቻለሁ።»

ሊፍት ውስጥ አንደኛው ሽማግሌ፣ «አንተ ልጅ፣ ልዑልህን ቤትህ ብትተወው ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ታች፣ በረዶ ላይ ቆሞ የሚጠብቀን ታደሰ ሮጦ መጣ። «እሺ አሉ?»

«እሺ ብለዋል» አልኩት። «ቀኑ ነው ትንሽ የራቀው።»