የቤይሩት ጡረተኛ መምህራን ስም ጥሪ

ከደሴ የተነሣሁት ልጄን ወደ ቤቷ ለመመለስ ነበር። ልጄ ሙሉ ቤይሩት ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአንድ ቤት አልወጣችም። አሠሪዋ ሲት ሰልዋ (ሲት እንደ እኛ ወይዘሮ ነው) በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ባለፈው ክረምት ልጄ በስልክ፣ “ማዳሜ ዳሌዋ አልቋል፣ መራመድ አቃታት፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፤ መድኑ ግን እንደ ድሮው አይከፍልም” አለችኝ። ደመወዝሽስ ብላት ወሬ ቀየረች። ደመወዝ ካላየች መቆየቷ ያን ጊዜ ገባኝ።

ልሂድና ላምጣት ብዬ ሳስብ ሰነባበትኩ። ለቪዛ የሚያስፈልገው የመጥሪያ ወረቀት ግን ሳልጠይቅ መጣልኝ። የላኩት ሲት ሰልዋ ራሳቸው ናቸው። ነገሩ ገረመኝ፤ ሆኖም ምክንያቱን ለመመርመር ጊዜ አልሰጠሁትም። የእኔንና የሙሉን የመመለሻ ቲኬት አስቆርጬ ተነሣሁ።

ከደሴ እስከ ዓይን ሩማኒ

አውቶቡሱ ደሴን የለቀቀው ገና ሳይነጋ ነው። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ለምሳ ወረድን። ሽሮ አዘዝኩ። ዋጋው አምና ከከፈልኩት እጥፍ ሆኗል። ጡረታዬ ግን አምና እንደነበረው ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ስለነበር ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ በዝግታ ወጣ። አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ አድሬ በማግስቱ ተሳፈርኩ። በአውሮፕላኑ ውስጥ በእድሜ የምትጠጋኝ ሴት አላየሁም፤ ሁሉም የልጄ እኩያ ናቸው።

ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ታክሲው በኦዛይ በኩል ወሰደን፤ በአንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላው ወገን ጎማ የሚያድሱና ሶፋ የሚሠሩ ሰዎች ዕቃቸውን እስከ አስፋልቱ አውጥተው ተደርድረዋል። ሲት ሰልዋ የሚኖሩት ዓይን ሩማኒ በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዎቹ ሁሉ ባለ መስመር መጋረጃ ተጥሎባቸዋል። ሕንጻው አሳንሰር አለው፤ ሆኖም የሚሠራው መብራት ሲኖር ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት አልነበረም። ለሙሉ ያመጣሁትን በርበሬ ተሸክሜ አራቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ።

ሲት ሰልዋ ወንበራቸውን ተደግፈው ቆመው ተቀበሉኝ። ፀጉራቸው ተበጥሯል፤ የሸሚዛቸው አንገትጌ በሚገባ ተተኩሷል። ለመቆም ምን ያህል እንደታገሉ ያወቅሁት ሲቀመጡ ፊታቸውን አይቼ ነው። እራት በምስርና በሩዝ የሚሠራውን ምጀደራ በላን፤ ከላይ የተጠበሰ ሽንኩርት አለው። የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው። እኔም የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩና፣ ሁለታችንም ለተማሪ እንደምናስረዳ ቀስ እያልን ስለተናገርን ተግባባን።

“የጠራሁዎት ልጅዎን ይዘዋት እንዲሄዱ ነው” አሉኝ። “እኔ ሂጂ ብላት እምቢ አለችኝ። እናቷን ትሰማለች ብዬ ነው።”

“የሚረዳዎት ሌላ ሰው አለ?”

“እሱ የእኔ ጉዳይ ነው” አሉና ሰላጣውን አቀረቡልኝ።

ስለ መድኑም በአጭሩ ነገሩኝ። ድሮ መምህር ሲታመም መድኑ የሆስፒታሉን ሂሳብ ይከፍልለት ነበር። የአገሩ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ ጡረታውም አብሮ ወረደ። መድኑ በራሱ መጠን ይከፍላል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ልዩነቱን አስቀድማችሁ በዶላር አምጡ ይላል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀየር፣ ዛሬ የተፈቀደ ነገር በሚቀጥለው ወር ሌላ ወረቀት ይጠየቅበታል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

ወጥ ቤት ገብቼ ሙሉን፣ “ሴትዮዋ ሂጂ እያሉሽ ነው” አልኳት።

“እማዬ፣ እኔ ከሄድኩ ማን ከአልጋ ያነሣታል? በይ ኸላስ፣ ሳህኑን አቀብይኝ።”

ማር ሚካኤል

ሙሉ ለካ ደመወዟ ከቆመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ውጭ ትሠራለች፤ በማግስቱ ማለዳ ለሥራ ስትወጣ ተከተልኳት። ማር ሚካኤል ማታ ማታ የሚጨፈርበት ሰፈር ነው። ጠዋት ግን የሚታየው መጥረጊያ የያዘ ሰው ብቻ ነው። አንድ ምግብ ቤት ስታጸዳ ደጃፉ ላይ ሆኜ ጠበቅኋት። ከታች በካራንቲና በኩል የወደቡ መጋዘኖች ይታያሉ። ስትጨርስ ዛዕታር የሚሉት ቅመም የተቀባ፣ ማንኡሼ የሚባል ትኩስ ቂጣ ገዛችልኝ። መቶ ሺህ ሊራ ስትል ደነገጥኩ፤ ከአንድ ዶላር ጥቂት ቢያልፍ ነው ብላ ሳቀችብኝ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ጥሩ ቁርስ ነው።

ስንመለስ ፋርማሲ ገባች። የገዛችው መድኃኒት የማዳሟ ነው። የማን ገንዘብ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አደባባዩ

ረቡዕ ዕለት፣ “ዛሬ ስለ ማዳሜ የምሄድበት ቦታ አለ” አለችኝ። ሌላ መንገደኛ በሚጭነው ታክሲ፣ እነሱ ሰርቪስ በሚሉት፣ ለየራሳችን ሁለት መቶ ሺህ ሊራ ከፍለን በሙዚየሙ በኩል ሪያድ ሶልህ አደባባይ ደረስን። ጡረተኛ መምህራን ተሰብስበው ነበር። አብዛኞቹ የሚታጠፍ ወንበራቸውን ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል። ጡረታው እንዲስተካከልና መድኑ እንደ ቀድሞው እንዲሸፍን የሚጠይቅ ጨርቅ በአጥሩ ላይ ተወጥሯል። ወንዶቹ ኮትና ከረባት፣ ሴቶቹ የክት ጫማ አድርገዋል። ለልመና የመጡ ሰዎች አይመስሉም፤ ፈተና ለመቆጣጠር የመጡ እንጂ።

ቀጥሎ ያየሁት ነገር ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። ሲት ኢልሃም የሚባሉ አጭር ሴትዮ፣ የቀድሞ ርእሰ መምህርት፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው ወንበር ላይ ወጡና ስም መጥራት ጀመሩ። ወረቀት አልያዙም፤ ስሙ ሁሉ በቃላቸው ነው። የተጠራው ሁሉ “ሓድር!”፣ ሴት ስትሆን “ሓድራ!” ይላል፤ አለሁ ማለት ነው። ምርኩዝ የያዙት ምርኩዛቸውን ያነሣሉ።

“ይኼ ለምንድነው?” አልኳት ሙሉን።

“ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው ካለ ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ሰው ሲታመም ይደበቃላ፣ ያኒ፣ ሆስፒታል መክፈል ያልቻለ ሰው ደህና ነኝ ነው የሚለው። ይሄን ነገር የጀመሩት እሷና ማዳሜ ናቸው።”

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ የሲት ሰልዋ ስም ተጠራ። ሙሉ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ጎንበስ አለችና፣ “ሓድራ!” ብላ ጮኸች።

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስም ጠርቻለሁ። ለቀረ ጓደኛው “አቤት” የሚል ልጅ ድምፅ ከሌላው ተለይቶ ይሰማኛል፤ ትንሽ ይፈጥናል። የገዛ ልጄ ያደርገዋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

“ምንድነው ያደረግሽው?”

“እሷ ናት ያዘዘችኝ። እንዲያዩዋት አትፈልግም። ያላ እማዬ፣ እንሂድ።”

“ስንተኛሽ ነው?”

እጄን ልትይዘኝ ስትል ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ከወንበሩ እየወረዱ ነበር። “ሲት ሰልዋ እዚህ የሉም” አልኳቸው። “ቤት ውስጥ ናቸው፤ መራመድ አይችሉም። አለሁ ያለችው ልጄ ናት።”

ሲት ኢልሃም መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤ ቀጥሎም ሙሉን አዩአት። ልጄ አሥር ዓመት እንደማይሞላት ሁሉ አንገቷን ደፋች።

“የሰልዋ ድምፅ በየሳምንቱ እየጠነከረ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር” አሉ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሡና፣ ወደ ሰልዋ ቤት እንሂድ ብለው ተጣሩ።

አራት ፎቅ

ዓይን ሩማኒ ስንደርስ መብራት የለም። መምህራኑ ደረጃውን ተያያዙት። ከመካከላቸው ኡስታዝ ፋዲ የሚባሉ የፊዚክስ መምህር የሚታጠፍ ወንበር ተሸክመው ነበር። በየፎቁ ይዘረጉታል፤ በጣም የደከመው ይቀመጣል፤ ሌላው ግድግዳ ይደገፋል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት፣ “ፋዲ፣ ስበት የሚባለውን ነገር ያስተማርከን አንተ ነህ፤ አሁን አንሣልን!” አሉ። ሳቅ ደረጃውን ሞላው። ከሳቁ በኋላ እንደገና ማረፍ አስፈለገ።

ሲት ሰልዋ በሩ ተከፍቶ ሲያዩን ፊታቸው ተለወጠ።

“ማነው የነገራችሁ?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“እርስዎ እኮ እንግዳዬ ነዎት።”

“መምህርም ነኝ።”

ያስታረቁን ሲት ኢልሃም ናቸው። “ሰልዋ፣ ያለ ፈቃድ ቀርተሻል፤ በስምሽም ሌላ ሰው አቤት አስብለሻል። ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ!” አሉ። ሲት ሰልዋ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልቻሉም።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ተገባ። ሆስፒታሉ ውስጥ የማን ተማሪ አለ ተባለ። ለካ እነዚህ ሰዎች ያላስተማሩት ባለሥልጣን የለም።

“የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ የእኔ ተማሪ ነበር” አሉ ኡስታዝ ፋዲ። “ግን ከሃያው ስድስት ብቻ ነው የሰጠሁት።”

“ወየው! አሥር ብትሰጠው ምን ነበረበት!” አሉ ሲት ኢልሃም።

“አምስት ነበር የሚገባው።”

ሲት ሰልዋ ግን ከተማሪ ፊት ለልመና አልቆምም አሉ። ሲት ኢልሃምም፣ “ማን ቁሚ አለሽ? የምትቆሚበት እግር የት አለሽና? የምንሄደው እኛ ነን” አሏቸው።

የሰው ጉዳይ

መምህራኑ አንድ ደንብ አላቸው፤ ማንም የራሱን የመድን ጉዳይ ራሱ አያስፈጽምም። ሁልጊዜ የሌላውን ነው። በማግስቱ ከሲት ኢልሃም ጋር ወደ መድን ቢሮው ስንሄድ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

“ሰው ለራሱ ሲሆን ያፍራል፤ ‘ተመለስ’ ሲሉት ይመለሳል” አሉኝ። “ለሌላ ሲሆን ግን ጉሮሮው ይከፈታል።”

ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ደንቡ ተቀይሯል አለ። ሲት ኢልሃም ወንበራቸውን ዘረጉ፤ ተቀመጡ። “እንግዲያውስ አዲሱን ደንብ አንብብልኝ፣ ልጄ። ጮክ ብለህ፣ ከኋላ ላሉትም እንዲሰማ” አሉት። እሱም ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆመና ፈገግ አለ። እንደ ሲት ሰልዋ ያለውን ጉዳይ የሚፈቅደው ያው አንቀጽ ነበር። ፈቃዱን ማኅተም መትቶ ሰጣቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ኡስታዝ ፋዲ ሲገቡ ኃላፊው፣ ራሱ የሸበተ ሰው፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጁን ከኪሱ አወጣ። ልዩነቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ እንዲከፈል ፈቀደ። “ውጤቴን ያስታውሱታል?” ብሎ ጠየቃቸው። ኡስታዝ ፋዲ፣ “አይ፣ ረስቼዋለሁ” አሉ። ያን ቀን የሰማሁት ውሸት ይህ ብቻ ነው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን የተያዘው እኔና ሙሉ ከምንሄድበት ቀን በኋላ ነው። ሲት ሰልዋ ጠሩኝ። “ይዘዋት ይሂዱ። አሁን የሚያነሣኝ ሰው አለ፤ ጓደኞቼ ተራ አውጥተዋል” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተራው ሲወጣ አይቻለሁ። ሙሉ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የመጣሁበት ጉዳይ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ ሻንጣሽን አዘጋጂ ማለት ብቻ ቀርቶኛል።

“ምን ትያለሽ?” አልኳት።

“አራተኛ ፎቅ እኮ ነው፣ እማዬ። እነሱም ሽማግሌዎች ናቸው።”

“እንግዲያስ ቆዪ” አልኳት።

ደሴ

ብቻዬን ተመለስኩ። ጎረቤቶቼ ልጅቷስ የት አለች ብለው ጠየቁኝ። በሽተኛ እያስታመመች ነው አልኳቸው። ለአንዳንዶቹ አልተዋጠላቸውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙሉ ደወለች። ሲት ሰልዋ ኦፕራሲዮን ሆነው በሁለት ሰው ተደግፈው ቆመዋል። ስልኩን ተቀብለው፣ “አሁንም እንደተቆጣሁዎት ነኝ” አሉኝ። ቀጥለው፣ “ደህና ገቡ?” አሉኝ።

በዚያ አገር ብዙ የሚያምር ነገር አይቻለሁ፤ ባሕሩንም ተራራውንም። የሚደነቀው ግን ገንዘባቸውና መድናቸው ከእጃቸው የወጣባቸው ሰዎች ጓደኛቸውን ከእጃቸው አለማውጣታቸው ነው።

በማግስቱ መምህር ይመር ቤት ሄድኩ። አንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል። ከፋሲካ ወዲህ ዕድር ላይ አልታየም። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ “ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ” አለኝ። አላመንኩትም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የጤና መድን መታወቂያው ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ሰልፉን አልችለውም ብሎ ትቶታል።

“ስጠኝ” አልኩት። “ነገ እኔ እሄድልሃለሁ።”

“የአንቺስ ታድሷል?”

“አልታደሰም። የእኔን አንተ ትሄድልኛለህ።”

ይመር ለነገ የሚለብሰው ኮቱ የት እንዳለ ልጁን ጠየቃት።