ቀኑ ሳይደርስ የታጨደ ሣር

በአንድ የወተት ላሞች እርባታ ውስጥ «ባቡሩ» የሚሉት የትራክተር ሹፌር ነበር። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ማጨድ ከጀመረ ምሳ ቢደርስ፣ ሰው ቢጠራው አይቆምማ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድርቆሽ ሲያጭድ ኖሯል። በሙያው የሚደርስበት የለም፤ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

እርባታው ከቆርኬዎቹ መጠለያ ጋር ይዋሰናል። ቆርኬ ከዚያ ሜዳ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ሣር በል የዱር እንስሳ ነው፤ ሁሉም ቢቆጠሩ አርባ አይሞሉም። ለመጋጥ አጭር ሣር ይበቃቸዋል፤ ለመውለድ ግን ረጅም ሣር ይፈልጋሉ። እናቲቱ ጥጃዋን እዚያ ሸሽጋ ትሄድና እየተመለሰች ታጠባለች። ጥጃዋ ደግሞ ኮቴም ሆነ ሞተር ስትሰማ አትሮጥም፤ መሬት ላይ ልጥፍ ትላለች። የመጠለያውን ረጅም ሣር የሰፈሩ ከብት ስለጨረሰው፣ ቆርኬዎቹ መውለጃ ያደረጉት የእርባታውን ታችኛ ማሳ ነበር። የመጠለያው ጠባቂ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ጠና ያሉ ሴት፣ መጥተው ለመኑ። የመጀመሪያዋ ጥጃ ከተወለደች አንድ ወር እስኪሞላ ማሳው እንዳይታጨድ ተስማሙ። ባቡሩም «በእኔ ይሁንብዎ» አላቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። ሣሩ ደርሷል፤ ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል። ማንም እጨድ አላለውም፤ በኋላ እንደ እሾህ የወጋው ይኸው ነው። «ዳር ዳሩን ብቻ» አለ ለራሱና ሞተሩን አስነሣ። ዳሩ አለቀና ወደ መሃል ገባ።

የማጨጃው ድምፅ ድንገት ተለወጠ። ወርዶ ሲያይ፣ የደረቀ ሣር የምትመስል ጥጃ ሁለት የፊት እግሮቿ ተቆርጠው ተኝታለች። አልጮኸችም። እያያት ነፍሷ ወጣች። ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ሰው የለም። ቦይ ውስጥ አስገባትና ሣር አለበሳት። እናቲቱ ሦስት ቀን ሙሉ የታጨደው ላይ ቆማ ዋለች።

እትዬ መጡ። «ማሳውን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፤ ዝናቡ ሊያበሰብሰው ሆነና ዞሬ አይቼ ነው ያጨድኩት። ምንም አልነበረበትም።»

«ይቺ እናት ታዲያ ጥጃዋን ምን በላባት?»

«ጅብ ይሆናላ፣ እትዬ።»

«አንተ ካልክማ» አሉና አመኑት።

ሳምንት ሳይሞላ የእርባታው ሠራተኞች በመኖ መጋዘኑ ተሰበሰቡ። እትዬ ተነሥተው፣ «ጅቡ ለምዷል፤ ሌሎቹን ሳይጨርስብን እንዲገደል ልናስፈቅድ ነው» አሉ። ወደ ባቡሩም ዞረው፣ «እሱ እኮ ዞሮ ሳያይ አያጭድም። ከእሱ ተማሩ» ሲሉ ጆሮው ድረስ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ጅብ አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። ሳላይ ነው ያጨድኩት።»

ከኋላ አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እንዲያው ጅቡን በሐሰት ሳማው መሰንበቴ ነዋ!» አሉ በመጨረሻ። «ና፣ አሳየኝ።»

ቦዩ ጋ ሲደርሱ ሣሩን በእጁ ገለጠ። ተንበርክከው አዩና ደብተራቸው ላይ ጻፉ። «ሴት ነበረች» አሉ። «ብታድግ እሷም ትወልድ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«መቸኮሉስ የሰው ነው። ዓይን ዓይኔን እያየህ መዋሸትህን ግን… እንጃ።» ብቻቸውን ሄዱ።

ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ «ዝም ብትል እንኳ ምን ነበረበት?» አለችው። 

የእርባታው ሥራ አስኪያጅ ታችኛውን ማሳ ለቆርኬዎቹ ለቀቀ። በዓመቱ ዘጠኝ ጥጃ ተወለደ። እትዬ መንገድ ላይ ሲያገኙት ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፤ ስለ ቆርኬዎቹ ግን ትንፍሽ አይሉም፤ የጥጆቹን ቁጥር እንኳ የሰማው ከአላቢዎቹ ነው። ሊያያቸው ሁለት ጊዜ እስከ ማሳው ዳር ሄዶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እትዬን ከሩቅ ሲያይ ሹልክ ብሎ ተመለሰ።