የቲቸር ገመቹ ቀኝ እጅ

ሲሬ ላይ ተሳፋሪ ለመጫን የቆመው አውቶቡስ ሞተሩን አላጠፋም። መስኮቱ ይንቀጫቀጫል፤ ወንበሩ ጉልበቴን ያርገበግበዋል። ማታ ነቀምቴ ላይ የማቀርበውን ግጥም ላስተካክል ብዕሬን ወረቀቱ ላይ ባሳርፍ፣ በቃል ፈንታ ጥቃቅን ኮረብታዎች ተከታትለው ወጡ። ቲቸር ገመቹን ያስታወሱኝ እነዚያ ኮረብታዎች ናቸው።

ጨለለቂ ስንኖር ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተምሩን ነበር። ከቢላ ከተማ የመጡ፣ ረጅም፣ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። ቀኝ እጃቸው ከቡናማ ኮታቸው ኪስ አይወጣም፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍላቸው የክፍል አለቃችን ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጠው ቶሎሳ አረቄው ነው ብሎ አሳቀን። ሳቁ ከእኛ ጋር ቤት ገባ፤ ወላጆች ዘንድ ደረሰ። አንድ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ መጥቶ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቲቸር ማስተማር ይችሉ እንደሆነ አይቶ ሊወስን መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል።

የዕለቱ ትምህርት ስለ መወዛወዝ ነበር። በግራ እጃቸው በክር የታሰረ ድንጋይ አወዛወዙ። ሄደ፣ መጣ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ግን እንደ ኮረብታ ወጣ ገባ የሚል ረጅም መስመር ነው። ቶሎሳ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ድንጋዩ እዚያው ነው የሚመላለሰው። ይሄ ኮረብታ ከየት መጣ?»

ቲቸር ወደ ኋላ ወንበር አንዴ አዩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከኪስ አወጡና ጠመኔ አስይዘው ሰሌዳው ላይ አሳረፉት። ጠመኔው ወደ ላይ ወደ ታች እየተመላለሰ አንዲት አጭር መስመር አወፈረ። ማንም አልሳቀም።

«ኢላላ፣ እዩ እንግዲህ» አሉና በሰሌዳው አጠገብ በእኩል እርምጃ መራመድ ጀመሩ። ጠመኔው ኮረብታና ሸለቆ እየሠራ ተከተላቸው። «እጄ ያው እጄ ነው። ኮረብታውን የዘረጋው ጊዜ ነው።»

ቶሎሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀስ ብለው ቢሄዱስ?» አለ።

ቲቸር ቀስ ብለው ሄዱ፤ ኮረብታዎቹ ተጠጋጉ።

ርዕሰ መምህሩ ደወል ሳይደወል ተነስቶ ወጣ። ቲቸር እስከ ሰኔ አስተማሩን። ሰሌዳው ላይ ራሳቸው ይጽፉ ነበር፤ የሚርገበገብ ፊደላቸውን ማንበብ ለመድን። በክረምቱ ወደ ቢላ ተመለሱ፤ ዳግም አላየኋቸውም።

ሰው ፊት ስቆም የእኔም እጅ ይንቀጠቀጣል። እስከ ዛሬ ግጥሞቼን በቃሌ የማጠናው ወረቀት ላለመያዝ ነበር።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ማታ ይዤው እቆማለሁ።